ፍጥሞ ሰነበትኩ

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ፍጥሞ የሚለውን ስም ከመካከላችን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ልጅ ሳለሁ እናቴ ራእየ ዮሐንስን ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነብ ነበር። ዘንዶው ያስፈራኛል፣ አውሬው ያስፈራኛል፣ መለከቱ ያስፈራኛል። ያ ሁሉ የታየው ፍጥሞ በምትባል ደሴት ላይ መሆኑን ስሰማ ደግሞ ደሴቲቱን በልጅ ሐሳቤ ሣልኳት። ጥቁር ድንጋይ፣ ጭስ፣ መብረቅ። ሰው ዳቦ የሚገዛባት፣ ልጆች ኳስ የሚያባርሩባት ቦታ ትሆናለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

ግሪኮች ፓትሞስ ይሏታል። ኤጅያን ባሕር ላይ፣ ወደ ቱርክ ጠረፍ ጠጋ ብላ የተቀመጠች ትንሽ ደሴት ናት። ስፋቷ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሚኖርባት ሰው 3,000 ገደማ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሰሙነ ሕማማት ሊገባ ሲል ሄድኩ። አሥራ አራት ቀን ቆየሁ።

ቁጥሩን ልብ በሉልኝ። ፓትሞስ የሚመጣ ብዙ ሰው የሚቆየው ሦስት፣ አራት ሰዓት ነው። ትልቁ የሽርሽር መርከብ ጠዋት ወደቡ አጠገብ ይቆማል። አውቶቡሶች ተደርድረው ይጠብቃሉ። ዋሻው ይታያል፣ ገዳሙ ይታያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ለምሳ መርከቡ ላይ። ማንንም ልወቅስ አይደለም። በሕይወት አንድ ጊዜ ለማየት የተመኘ ሰው ሦስት ሰዓትም ቢያገኝ ትልቅ ነገር ነው። ለእኛ ግን፣ እዚሁ አውሮፓ ለምንኖረው፣ ሌላ ሐሳብ አለኝ። ሂዱና ሰንብቱ።

ይህን የምለው ዕረፍት ማለት ለብዙዎቻችን ምን እንደሆነ ስለማውቅ ነው። የዓመት ፈቃዳችን ወይ ለሠርግ ወይ ለለቅሶ አገር ቤት መሄጃ ነው። ካልሆነም ትርፍ ሥራ እንሠራበታለን። እኔ ነርስ ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ጀርመን ስኖር ለእኔ ብቻ ብዬ የወሰድኩት የመጀመሪያው ፈቃድ ይህ ነው። ገንዘቡን ለቤተሰብ ብልከው አይሻልም ወይ እያልኩ ብዙ ቀን አመንትቻለሁ። ይህን ጥያቄ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ፓትሞስ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። እንደ ጉድለት የሚቆጥሩት አሉ። እኔ ደሴቲቱን ያተረፋት እሱ ይመስለኛል። ከአቴና ወደብ ከፒሬየስ ተነስቶ ስምንት ሰዓት ገደማ በመርከብ ነው። ከመርከቡ በላይኛው ወለል፣ ከነፋሱ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። በየዙሪያዬ ለፋሲካ ወደ ትውልድ ቦታቸው የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ። ካርቶን፣ በገመድ የታሰረ ሻንጣ፣ ለልጆች የተገዛ ጌጠኛ ሻማ። የእኛን የበዓል ዋዜማ መናኸሪያ ቁጭ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የመርከቡ መውረጃ በሰንሰለት እየተንኳኳ ሲወርድ ሰው ሁሉ ተነስቶ ስም መጣራት ጀመረ። እናት ልጇን፣ ወንድም ወንድሙን።

እኔንም የሚጠብቀኝ ሰው ነበር። ቤት ያከራዩኝ ሴትዮ ሰባን አልፈዋል። በነጠላ ጫማ፣ ካፖርት ደርበው ወደቡ ላይ ቆመው ነበር። "ኪሪያ" እያልኩ ነው የምጠራቸው፤ በእነሱ ወይዘሮ እንደማለት ነው። እንዴት ተግባባችሁ ትሉኝ ይሆናል። በወጣትነታቸው ጀርመን አገር ፋብሪካ ሠርተዋል። ጀርመንኛቸው አርጅቷል እንጂ አልሞተም። ሁለት ስደተኞች በሦስተኛ ሰው ቋንቋ ተነጋገርን። በማግስቱ ጠዋት ቡና እያፈሉ "መቼ ነው የምትተኚው?" አሉኝ። ጥያቄው አልገባኝም ነበር። "ፊትሽ የማታ ፈረቃ ፊት ነው። እኔም ነበረኝ" አሉ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ማረፍ አልቻልኩም። ጎህ ሳይቀድ እነቃለሁ። የማየውን ነገር በወረቀት ጽፌያለሁ፤ አንድ በአንድ እየሰረዝኩ እሮጣለሁ። ኪሪያ በመስኮት ያዩኝና "ሲጋ ሲጋ" ይላሉ። ቀስ ቀስ ማለት ነው። ግሪክ የሄደ ሁሉ ይህን ቃል ይሰማዋል። እዚያ ግን ምክር ብቻ አይደለም፤ ቀኑ ራሱ በእሱ የተሠራ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መንደሩ ጭር ይላል። ሱቅ ይዘጋል፣ መዝጊያ ይዘጋል። በዚያ ሰዓት ሰው ቤት ማንኳኳት ነውር ነው። በአራተኛው ቀን እኔም መስኮቴን ዘግቼ ተኛሁ። በቀን፣ ሳልታመም፣ ከማታ ፈረቃ ሳልመጣ። ስነሳ ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቅ ነበረች። እንደዚያ የተኛሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም።

ቡናቸውን ልንገራችሁ። በትንሽ እጀታ ባላት ማፍያ ከነዱቄቱ ይፈላል። ሲኒው ውስጥ ሲገባ ወዲያው አይጠጣም፤ እስኪሰክን ይጠበቃል። ይህን ለእኛ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ኪሪያ በረንዳ ላይ ዝም ብለን ቡናው ሲሰክን እንጠብቃለን። ከዚያም ዝም ብለን እንጠጣለን። ሁለተኛም ሦስተኛም የለውም፤ አንዷ ሲኒ ግን አንድ ሰዓት ትፈጃለች።

ጾሙ ደግሞ አገናኘን። የእነሱ ፋሲካና የእኛ በአንድ ቀን ነው የሚውለው፤ የድሮውን የበዓል አቆጣጠር ሁለታችንም አልለቀቅንም። ጾማቸው ግን ትንሽ ይለያል። ዓሣ አይበሉም፣ ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ግን ደም የለውም ብለው ይበላሉ። እኔ እሱን ተውኩት። ፋቫ የሚሉት ምግብ አላቸው። ቢጫ የአተር ክክ ነው፤ እስኪላም ተቀቅሎ፣ የወይራ ዘይት ፈስሶበት፣ ጥሬ ሽንኩርትና ሎሚ ተጨምሮበት ይቀርባል። የመጀመሪያውን ጉርሻ ስቀምስ በርበሬ የረሳ ሰው የሠራው ሽሮ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ከሻንጣዬ ሚጥሚጣ አወጣሁ። ኪሪያም ቀመሱ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ግን ደገሙ።

ኦክቶፐሱን ባልበላም ሲዘጋጅ አይቻለሁ። አንድ ጠዋት ስካላ ወደብ ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ እግሮቹን ጨብጦ የባሕሩ ዳር ድንጋይ ላይ ሲፈጠፍጠው አየሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሠላሳ ድረስ ቆጥሬ ተውኩ። ከዚያ ልብስ እንደሚያጥብ ሰው ድንጋዩ ላይ አሸው። ነጭ አረፋ ወጣው። ባሕር ውስጥ አለቀለቀው፣ እንደገና አሸው። ሥጋው እንዲለሰልስ ነው። በመጨረሻ ገመድ ላይ ሰቀለው፤ እግሮቹ ወደ ታች ተንጠልጥለው እንደ ታጠበ ሹራብ ይንጠባጠባሉ። ይህ ሁሉ ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀ። ሰውዬው አንድም ጊዜ ሰዓቱን አላየም።

አሁን ወደ ላይ እንውጣ። ወደቡ ስካላ ይባላል። ላይኛው ከተማ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ ያለው፣ ኾራ ይባላል። በአሮጌው የድንጋይ መንገድ ቀስ ተብሎ ሲወጣ አርባ ደቂቃ ያህል ነው። ከላይ ነጫጭ ቤቶች ተቃቅፈው፣ በመሐላቸው ጠቆር ያለ ምሽግ ይታያል። ያ ምሽግ ገዳሙ ነው። በ1088፣ ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፣ ክሪስቶዱሎስ የሚባል መነኩሴ ደሴቲቱን ከቢዛንታይኑ ንጉሥ ከቀዳማዊ አሌክሲዮስ ኮምኔኖስ በስጦታ ተቀበለ። ያኔ የባሕር ወንበዴ ይበዛ ስለነበር ገዳሙ እንደ ምሽግ ተሠራ። ከዋናው በር በላይ የሚፈላ ዘይት በወራሪ ላይ የሚፈስበት ቀዳዳ እስከ ዛሬ አለ። ኾራ፣ ገዳሙና ዋሻው በ1999 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ሴቶችም እንገባለን። ይህን የምነግራችሁ የጣናን ደሴቶች ስለማስብ ነው። ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም፤ ጀልባ ላይ ሆኜ ከሩቅ ተሳልሜ ተመልሻለሁ። እዚህ ትከሻና ጉልበት ከተሸፈነ ይበቃል።

የገዳሙ ቤተ መጻሕፍት ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ የእጅ ጽሑፎች አሉት። ከሁሉም የምወደው ሐምራዊ ቀለም የተነከረው ብራና ነው። በስድስተኛው መቶ ዓመት በብር ቀለም የተጻፈ የማርቆስ ወንጌል፤ የጌታ ስም የሚጻፈው በወርቅ ነው። እዚያ የቀረው 33 ቅጠል ነው። ሌላው የዚያው መጽሐፍ ቅጠል በየአገሩ ተበትኗል፣ ብዙው ሩሲያ ነው። የአባ ገሪማ ወንጌላችንን እስከ ዛሬ አገር ቤት፣ እዚያው ገዳሙ ውስጥ የጠበቁልንን አባቶች ያኔ አመሰገንኩ። ሌላም አለ። በ895 የተገለበጠ የፕላቶን ድርሳናት መጽሐፍ እዚህ ነበር። በ1801 ኤድዋርድ ክላርክ የሚባል እንግሊዛዊ ገዝቶ ወሰደው፤ ዛሬ ኦክስፎርድ ነው። የተገዛ እንጂ የተዘረፈ አይደለም፤ ከመቅደላ ጋር አንድ አላደርገውም። ግን መጽሐፍ የነበረበትን ቦታ ባዶ ሆኖ ማየት ምን እንደሚመስል እኛ እናውቃለን።

ስካላ ወደብ ላይ ቅስት ያላቸው ሕንጻዎች አሉ። ጣሊያን የሠራቸው ናቸው። ጣሊያን ፓትሞስንና በዙሪያዋ ያሉትን ደሴቶች በ1912 ያዘ፤ በ1943 እጁን እስኪሰጥ ድረስ ቆየ። ኪሪያ እናታቸው በትምህርት ቤት ጣሊያንኛ ተገድደው እንደተማሩ ነገሩኝ። እኔም የአያቴን አምስት ዓመት ነገርኳቸው። አንድ ነገር ስጨምርላቸው ግን ቡናቸውን አስቀመጡ። በ1947 ፓሪስ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን እነዚህን ደሴቶች ለግሪክ ለቀቀች። በዚያው ውል የኢትዮጵያን ነፃነት አወቀች። አንድ ወረቀት ላይ ነን ማለት ነው፣ እሳቸውና እኔ። ደሴቶቹ ከግሪክ ጋር የተቀላቀሉት በዓመቱ በ1948 ነው።

ጸሎተ ሐሙስ ኾራ አደባባይ ላይ ሰው እንደ ጎርፍ ሞላ። መድረክ ተሠርቷል፣ በቅጠልና በአበባ አጊጧል። አሥራ ሁለት ካህናትና መነኮሳት ሁለት ረድፍ ይዘው ተቀመጡ። አበምኔቱ ካባቸውን አወለቁ። ነጭ ፎጣ ታጠቁ። ጎንበስ ብለው ከመጀመሪያው ሰው ጀመሩ። ውኃ ከማሰሮ ወደ ሳህኑ ሲወርድ ይሰማል፤ ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ ያን ያህል ዝምታ ነበር። ጴጥሮስ ሆኖ የተቀመጠው ሽማግሌ እግሩን ሲሰበስብ፣ አበምኔቱ ሲመልሱለት፣ ቋንቋውን ሳላውቀው ቃሉን አውቀዋለሁ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ለምን እንደማለቅስ ጠየቀችኝ። እኛም እኮ እንተጣጠባለን። የወይራ ቅጠሉ፣ ካህኑ እግሬን ይዘው ሲያጥቡ የነበረው ሙቀት፣ ቤት ስንመለስ የሚጠብቀን ጉልባን፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ጉልባን የለም። ኪሪያ ግን ያን ቀን ማታ እንቁላል ቀይ ቀለም ሲነክሩ አገዝኳቸው። ሐሙስ ይቀለማል፣ እሑድ እርስ በርስ ተጋጭቶ ይሰበራል።

ቅዳሜ እኩለ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ከአንዲት ሻማ ሁሉም ሲለኮስ፣ "ክሪስቶስ አኔስቲ" ሲባል፣ እኔ በአማርኛዬ መለስኩ። ከዚያ ቤት ገብተን ማጊሪትሳ በላን። የበግ ሆድ ዕቃ በደቃቁ ተከትፎ የሚሠራ ሾርባ ነው። የዱለት ዘመድ በሉት። ረጅም ጾም የፈታ ሆድ የት አገርም ቢሆን የሚፈልገው ይኸው ነው መሰለኝ።

ከፋሲካ በኋላ ደሴቲቱ ጸጥ አለች፤ እውነተኛው ዕረፍቴም ያኔ ጀመረ። ላምቢ ወደሚባለው ሰሜናዊ ዳርቻ እየሄድኩ በቀለማት ያሸበረቁትን ጠጠሮች አያለሁ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ መስመር የገባበት ሐምራዊ። ውኃ ሲነካቸው ያበራሉ፣ ሲደርቁ ይደበዝዛሉ። ይዞ መሄድ ክልክል ነው፤ እዚያው ማየት ነው። ፕሲሊ አሞስ የሚባል አሸዋማ ዳርቻም አለ። ባሕሩ ገና ቀዝቃዛ ስለነበር ብዙ አልዋኘሁም፤ እግሬን ነክሬ ፍየሎች ድንጋይ ላይ ሲወጡ እያየሁ እውላለሁ።

ዋሻውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። ሦስት ጊዜ ሄጄበታለሁ።

ዋሻው ከስካላ ወደ ኾራ በሚወስደው መንገድ መሐል ላይ ነው። ምልክቱ ላይ አፖካሊፕሲ ይላል። ቆሜ ሳነበው አባ መምሬ የሚሉት ቃል ጆሮዬ ላይ ደወለ። አቡቀለምሲስ! ይኸው ቃል ነው እኮ። በረሃና ባሕር አቋርጦ፣ በዓረብኛ በኩል ዞሮ፣ ግእዝ ውስጥ ገብቶ የእኛ ሆነ። ልጅ ሆኜ የሰውዬው የአባቱ ስም ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ጊዜ የገባሁት የመርከብ እንግዶች በመጡበት ቀን ነው። ተገፋፍተን ገባን፣ ተገፋፍተን ወጣን። ያየሁት የሰው ጀርባ ነው። ሁለተኛው ቀን ይሻል ነበር፤ አስጎብኚ ሲያስረዳ አጠገቡ ቆሜ ሰማሁ። ጣሪያው ላይ አለቱ በሦስት ተሰንጥቋል፤ የሥላሴ ምልክት ነው ይላሉ። ግድግዳው ላይ በብር የተከበበች ጎድጓዳ ቦታ አለች፤ ዮሐንስ ራሱን ያስደገፈባት ናት ይባላል። ከጎኗ ሲነሳ የሚይዛት ትንሽ ጉድጓድ አለች። ወረድ ብሎ ደቀ መዝሙሩ ጵሮኮሮስ ቃሉን እየተቀበለ የጻፈበት እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ አለት አለ።

ሦስተኛው ጊዜ ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ነው። በጠዋት፣ በሩ እንደተከፈተ ገባሁ። አንድ ሰው መሬቱን ይጠርጋል፤ ሌላ ማንም የለም። ከዋሻው ጋር በተያያዘችው በቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን በኩል አልፌ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። የሰም ሽታ አለ። ቀንዲሉ ሲወዛወዝ የስንጥቁ ጥላ ይረዝማል፣ ያጥራል። ምንም አላሰብኩም። ጸሎት እንኳ ያደረስኩት ዘግይቼ ነው። ዓይኔ ያቺን የእጅ መያዣ ጉድጓድ ላይ ቀረ። ያን ጊዜ ዮሐንስ አርጅቷል፣ ግዞተኛ ነው። ለመነሳት የሚይዘው ነገር የሚያስፈልገው ሽማግሌ ነው። በልጅነቴ በመብረቅ የሞላሁት ቦታ፣ ለካ ጉልበቱን የሚያመው ሰው አለቱን ይዞ የሚነሳበት ቤት ነው። ሥራዬ ሽማግሌዎችን ማንሳት ነውና ይህን ቶሎ ገባኝ። ግን የገባኝ በሦስተኛው ቀን ነው።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ ግንቦትና መስከረም ጥሩ ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ይበረታል፣ ሰውም ይበዛል። ነፋስ ከበረታ መርከብ ይቀራል፤ ስለዚህ የመመለሻ አውሮፕላናችሁን ከመርከቡ ማግስት አታድርጉት፣ አንድ ቀን ጨምሩበት። መርከብ ላይ አልጋ ያለው ክፍል ውድ ነው፣ ተራው መቀመጫ ይበቃል። ደሴቲቱ ውስጥ አውቶቡስ አለ። ገዳሙን የሽርሽር መርከብ በማይመጣበት ቀን ሂዱ፤ ወደቡ ላይ ጠይቃችሁ ማወቅ ትችላላችሁ።

እኔም ስመለስ ነፋስ ያዘኝ። መርከቡ ስድስት ሰዓት ዘገየ። ኪሪያ ወደቡ ላይ አብረውኝ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ነው ለእናቴ የደወልኩት።

"ዋሻውን አየሽው?" አለችኝ።

"ሦስት ጊዜ" አልኳት።

"ከውስጡ ባሕሩ ይታያል?"

"ከውስጡስ አይደለም። በሩ ላይ ወጥተሽ ስትቆሚ ግን ከታች ተዘርግቶ ይታያል።"

ዝም አለች። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ፣ አዲስ ሰማይና አዲስ ምድር በሚመጣበት ቦታ፣ ባሕር ከእንግዲህ እንደማይኖር የተጻፈውን ታስታውሳላችሁ። እናቴ በቃሏ ታውቀዋለች።

"ወገኖቹ ባሕር ማዶ ናቸዋ" አለች። "በየቀኑ ያየው ነበር።"